በወታደራዊ ይዞታ ውስጥ የሚገኙ ታሪካዊ ቅርሶች አስተዳደርና ጥበቃ፦ ለዜጎች የተዘጋጀ መረጃ

መግቢያ

በአገራችን ታሪካዊ ሕንፃዎች፣ ጥንታዊ የመቃብር ሥፍራዎች፣ ምሽጎች፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ፍርስራሾች እንዲሁም ገና ያልተጠኑ የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች በተለያዩ አካላት ይዞታ ሥር ይገኛሉ። ከእነዚህ ይዞታዎች መካከል አንዱ ወታደራዊ ይዞታ ነው። የጦር ካምፖች፣ የሥልጠና ማዕከላት፣ የተኩስ ልምምድ ሜዳዎችና የመጋዘን ቅጥሮች ለሕዝብ ክፍት አይደሉም። በዚህም ምክንያት በውስጣቸው ያለው ቅርስ በማን እንደሚጠበቅ፣ ዜጋው ምን መብትና ምን ግዴታ እንዳለበት፣ ጥያቄ ሲኖረው ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ሳይሆን ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ክፍተት መሙላት ነው። ጽሑፉ የቅርስን ሕጋዊ ትርጉም፣ አግባብነት ያላቸውን ሕጎች፣ በወታደራዊ ይዞታ ውስጥ ያለ ቅርስ የሚጠበቅበትን መንገድ፣ ከአገር ውስጥና ከውጭ የተገኙ ተሞክሮዎችን፣ በመጨረሻም ዜጎች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ያቀርባል። ለመረጃ የተዘጋጀ ስለሆነ የአዋጆቹን ሙሉ ቃል አይተካም።

1. ቅርስ ሲባል ምን ማለት ነው?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በሰፊው ይመለከተዋል። የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነ፣ የተፈጥሮና የታሪክ ሂደትን የሚመሰክር፣ በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል ወይም በኪነ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በትርጓሜው ውስጥ ይካተታል። አዋጁ ግዙፍነት ያላቸውን (የሚዳሰሱ) ቅርሶች በሁለት ይከፍላል።

ሀ) የማይንቀሳቀስ ቅርስ፦ ከመሬት ጋር የተያያዘና በቀላሉ ከሥፍራው ሊነሣ የማይችል ነው። ቤተ መንግሥት፣ ምሽግ፣ ሐውልት፣ የመቃብር ሥፍራ፣ ዋሻ፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ እና የመሳሰሉት በዚህ ክፍል ይመደባሉ።

ለ) ተንቀሳቃሽ ቅርስ፦ ከቦታ ወደ ቦታ ሊዘዋወር የሚችል ነው። የብራና መጻሕፍት፣ ጥንታዊ ገንዘቦች፣ የጦር መሣሪያዎች፣ የሸክላና የብረት ዕቃዎች፣ ቅሪተ አካላትና የድንጋይ መሣሪያዎች ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ሊታወቅ የሚገባው ነጥብ አንድ ነገር ቅርስ የሚሆነው ማንነቱና ይዘቱ እንጂ የሚገኝበት ግቢ አለመሆኑ ነው። በካምፕ አጥር ውስጥ ያለ የጥንት መቃብር በአጥሩ ውጭ ካለው መቃብር ያነሰ ሕጋዊ ዋጋ የለውም። የጦር ተቋሙ ራሱ የሠራቸው አሮጌ ሕንፃዎች፣ የሥልጠና አዳራሾችና ምሽጎችም ታሪካዊ ይዘት ካላቸው እንደ ቅርስ ሊታዩ ይችላሉ።

2. አግባብነት ያላቸው ሕጎች

2.1 ሕገ መንግሥቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 91 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ የአገሪቱን የተፈጥሮ ሀብትና የታሪክ ቅርሶች መጠበቅ የመንግሥትና የሁሉም ኢትዮጵያውያን ግዴታ መሆኑን ያመለክታል። ከሁለቱ ድንጋጌዎች የምንረዳው የመከላከያ ተቋማት እንደ መንግሥት አካል፣ በውስጣቸው የሚያገለግለው ወታደርም እንደ ዜጋ፣ የጥበቃው ግዴታ ተጋሪዎች መሆናቸውን ነው።

2.2 አዋጅ ቁጥር 209/1992

አዋጁ ቅርስ በመንግሥት ወይም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይፈቅዳል። ባለቤትነቱ ግን ከግዴታ ጋር የተሳሰረ ነው። ቅርስ በእጁ ያለ ማንኛውም አካል በራሱ ወጪ ሊንከባከበውና ሊጠብቀው ይገባል። የጥገናና የእድሳት ሥራ የሚከናወነው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ነው። የማይንቀሳቀስ ቅርስንም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው ማንሣት አይቻልም። አዋጁ በወጣበት ጊዜ ይህ ሥልጣን የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር፤ ዛሬ ኃላፊነቱን የያዘው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ከፍተኛ የቅርስ ክምችት ያለበትን አካባቢ «የተከለለ ሥፍራ» ብሎ ሊሰይም እንደሚችልም አዋጁ ይደነግጋል። በተከለለ ሥፍራ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሕንፃ መሥራት፣ መንገድ መዘርጋት፣ መቆፈርም ሆነ መሬቱን የሚያናውጥ ሌላ ሥራ ማከናወን የተከለከለ ነው።

2.3 ዓለም አቀፍ ስምምነቶች

እ.ኤ.አ. በ1954 በሔግ ከተማ የተፈረመው የባህል ንብረቶችን በትጥቅ ግጭት ወቅት ለመጠበቅ የወጣው ስምምነት ለዚህ ርእሰ ጉዳይ ዋነኛው ሰነድ ነው። ኢትዮጵያም የስምምነቱ ተዋዋይ አገር ናት። ስምምነቱ ስለ ጦርነት ቢናገርም የግዴታው ከፊል የሚጀምረው በሰላም ጊዜ ነው። አንቀጽ 7 ተዋዋይ አገሮች በሰላም ጊዜ በወታደራዊ ደንቦቻቸው ውስጥ ስለ ቅርስ አክብሮት የሚደነግጉ አንቀጾችን እንዲያስገቡ፣ በጦር ኃይላቸው ውስጥም ለዚሁ የተመደቡ ባለሙያዎችን ወይም ክፍሎችን እንዲያዘጋጁ ይጠይቃል። አንቀጽ 4 ደግሞ ቅርስን ለጥፋት ለሚያጋልጥ አገልግሎት ማዋልን ይከለክላል፤ ከዚህ ግዴታ መውጣት የሚቻለው ወታደራዊ አስፈላጊነት በማያወላዳ መልኩ ሲያስገድድ ብቻ ነው። ስምምነቱ የሚጠበቁ ሥፍራዎች የሚታወቁበትን ሰማያዊና ነጭ የጋሻ ምልክትም አስተዋውቋል።

3. ወታደራዊ ይዞታ ለቅርስ ጥቅምም አደጋም ነው

በወታደራዊ ይዞታ ውስጥ የሚገኝ ቅርስ ከሌላው ለየት ያለ ሁኔታ አለው። አጥሩ ራሱ ጠባቂ ነው። የታጠረ መሬት አይታረስም፤ ሕገወጥ ግንባታ አይስፋፋበትም፤ ቅርስ ዘራፊ በቀላሉ አይገባበትም፤ ድንጋዩም ለቤት መሥሪያ አይጫንም። በዚህ ምክንያት በብዙ አገሮች ከሥልጠና ሜዳዎች ውጭ በማረሻ የጠፉ የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች በሜዳዎቹ ውስጥ ተርፈው ተገኝተዋል።

በሌላ በኩል ያው አጥር ዓይንን ይከለክላል። ተመራማሪ ካልገባ ምዝገባ አይኖርም፤ ምዝገባ ከሌለም የቅርሱን መጥፋት የሚያውቅ አይኖርም። ዋና ዋና አደጋዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

- ከባድ ተሽከርካሪዎች መሬቱን ሲደፍቁ ከሥሩ ያለው የአርኪዮሎጂ ንብርብር ይሰባበራል።
- ለምሽግ፣ ለመጸዳጃና ለቆሻሻ ማስወገጃ የሚቆፈሩ ጉድጓዶች ንብርብሩን ይቆርጡታል። አንድ ጊዜ የተዛባ ንብርብር ተመልሶ ስለማይስተካከል ከእርሱ ሊገኝ የሚችለው የዘመን መረጃም አብሮ ይጠፋል።
- ከተኩስና ከፍንዳታ የሚነሣው ንዝረት የቆዩ ግድግዳዎችን ይሰነጥቃል።
- ነዳጅና ተቀጣጣይ ዕቃ በታሪካዊ ሕንፃ ውስጥ ሲከማች የእሳት አደጋ ይፈጥራል።
- አገልግሎት ያቆመ ሕንፃ ጣሪያው ሳይጠገን ሲቀር ዝናብ ወደ ግድግዳው ይገባል። አብዛኛው የቆየ ሕንፃ በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ዝግ ያለ ቸልተኝነት ይፈርሳል።
- በቅን ልቦና ነገር ግን ያለ ሙያ የሚደረግ ጥገና ከጉዳቱ የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

4. ከአገራችን ታሪክ

4.1 ሆለታ ገነት

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሆለታ አፄ ምኒልክ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነበር። በጥር ወር 1927 ዓ.ም. ይህ ሥፍራ በካፒቴን ቪኪንግ ታም በሚመሩ የስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የመጀመሪያው ዘመናዊ የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ስለመጣ ሠልጣኞቹ ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ በ1928 ዓ.ም. ወደ ጣርማ በር ዘመቱ። ከእነርሱ መካከል የተወሰኑት ከዚያ በኋላ በጥቁር አንበሳ ስም በሚታወቀው የአርበኞች ድርጅት ውስጥ ተሰልፈዋል። ከነጻነት በኋላም ትምህርት ቤቱ ሥራውን ቀጥሏል።

ሆለታ የሚያስተምረን አንድ ሥፍራ በላዩ ላይ የተደራረቡ ዘመናትን ሊሸከም እንደሚችል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አንድ ንብርብር ነው፤ የዕጩ መኮንኖቹ ታሪክ ሌላ ንብርብር ነው። አስተዳዳሪው አንዱን ዘመን ለማጉላት ሲል ሌላውን ቢያፈርስ ቅርሱ ይጎድላል። ስለዚህ ማንኛውም የእድሳት እቅድ «የትኛውን ዘመን እንመልስ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እዚህ የትኞቹ ዘመናት አሉ?» የሚለውን መመለስ ይኖርበታል።

4.2 የጎንደር የፋሲል ግቢ

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በወራሪው ኃይል አገልግሎት ላይ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ጎንደርን ነጻ ለማውጣት በተደረገው ውጊያ በግቢው ላይ በወደቀ የእንግሊዝ ቦምብ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጉዳት ደርሶበታል። የሔግ ስምምነት ቅርስን ለወታደራዊ አገልግሎት ማዋልን የሚቃወመው ለዚሁ ነው፤ ሠራዊት የሠፈረበት ቤተ መንግሥት የጠላት ዒላማ መሆኑ አይቀርም።

4.3 መቅደላ

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ የብራና መጻሕፍት፣ ጽላቶች፣ ዘውዶችና ሌሎች ንዋያተ ቅድሳት ተዘርፈው ወጥተዋል፤ የማስመለሱ ጥያቄም እስከ ዛሬ ቀጥሏል። መቅደላ ለወታደራዊ ተቋማት ያለው ትምህርት ተንቀሳቃሽ ቅርስ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚበተን፣ ለመሰብሰብም ምን ያህል ትውልድ እንደሚጠይቅ ማሳየቱ ነው። ቀድሞ የተመዘገበና ፎቶግራፍ የተነሣ ቅርስ ቢጠፋ እንኳ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል፤ ያልተመዘገበው ግን ከጠፋ በኋላ መኖሩን ማስረዳትም ይከብዳል።

4.4 የታላቁ ቤተ መንግሥት መከፈት

በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ለረጅም ዘመን በጥብቅ ጥበቃ ሥር የነበረና ለሕዝብ ዝግ የሆነ ግቢ ነበር። በመስከረም 2012 ዓ.ም. የግቢው ከፊል አንድነት ፓርክ በሚል ስም ታሪካዊ ሕንፃዎቹ ታድሰው ለጎብኚዎች ተከፍቷል። የግቢው ሌላ ክፍል የመንግሥት ሥራ የሚከናወንበት እንደሆነ ቀጥሏል። ይህ ምሳሌ የጸጥታ ጥበቃና የሕዝብ ጉብኝት የግድ የሚቃረኑ አለመሆናቸውን ያሳያል። ወሰኑ በሚገባ ከተለየና መግቢያው ከተደራጀ ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ።

5. የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

5.1 አሜሪካ፦ ከሥራ በፊት ምክክር

የአሜሪካ የመከላከያ ተቋም በርካታ ታሪካዊ ሕንፃዎችንና የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎችን ያስተዳድራል። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ብሔራዊ የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ ሕግ ክፍል 106 ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ጦሩን ጨምሮ፣ አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሥራው በታሪካዊ ሥፍራዎች ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ እንዲያጤን ያስገድዳል። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ ሥራው የሚነካውን አካባቢ ይለያል፤ ቀጥሎ በዚያ ያሉትን ታሪካዊ ሥፍራዎች ይመዘግባል፤ ከዚያም ጉዳት ይደርስ እንደሆነ ይመረምራል፤ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ የሚወገድበትን ወይም የሚቀነስበትን መንገድ ከግዛቱ የቅርስ ኃላፊ፣ ከቀደምት ሕዝቦች ተወካዮችና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ይመክራል። ሕጉ ሁሉም ሕንፃ እንዲጠበቅ አያስገድድም። የሚያስገድደው ሳይታይና ሳይመከርበት እንዳይፈርስ ነው።

አንድ ካምፕ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግም ከዚያው አገር መማር ይቻላል። በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ፕሬሲዲዮ እ.ኤ.አ. በ1776 በስፔን የተመሠረተና እስከ 1994 ድረስ የጦር ሠፈር ሆኖ የቆየ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ብሔራዊ ፓርክነት ተዛውሮ፣ የቆዩት ሕንፃዎች እየታደሱ ለመኖሪያና ለሥራ በመከራየታቸው ገቢው ለጥበቃው እንዲውል ተደርጓል።

5.2 እንግሊዝ፦ የሶልስበሪ ሜዳ

በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው የሶልስበሪ ሜዳ የሥልጠና ሥፍራ ወደ 38,000 ሄክታር የሚደርስ ሲሆን ጦሩ መሬቱን መግዛት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ሜዳው በዘመናዊ ማረሻ ስላልተገለበጠ ከ2,000 በላይ የአርኪዮሎጂ ሥፍራዎች በውስጡ ተርፈዋል። ታንክና ምሽግ ቆፋሪ እንዳይደርስባቸው ሥፍራዎቹ በካርታ ላይ ተመልክተዋል፤ በመሬትም ላይ መቆፈርን የሚከለክሉ ምልክቶች ተተክለዋል። በቅርብ ዓመታትም በጦርነት የቆሰሉ ወታደሮች በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ እንዲሳተፉ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀምሮ ለሥፍራውም ለወታደሮቹ ማገገምም ጠቅሟል።

በዚሁ ሜዳ መካከል የምትገኘው ኢምበር የተባለች መንደር ግን ሌላ ታሪክ አላት። ነዋሪዎቿ በ1943 መጨረሻ ለጦር ልምምድ ሲባል እንዲለቅቁ ተደረገ፤ ብዙዎቹም ከጦርነቱ በኋላ እንደሚመለሱ አምነው ወጡ። አልተመለሱም። የመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቆሞ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀናት ለአምልኮና ለጉብኝት ይከፈታል። የግድግዳ መጠበቅ ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ ከሥፍራው ጋር የተሳሰሩ ሰዎች ትዝታና መብትም የቅርሱ አካል መሆኑን ኢምበር ታስታውሰናለች።

5.3 ባቢሎን፦ ሳይመከር የተተከለ ካምፕ

እ.ኤ.አ. በ2003 በኢራቅ ጦርነት ወቅት በጥንታዊቷ ባቢሎን ፍርስራሽ ላይ ወታደራዊ ካምፕ ተተክሎ ነበር። በ2004 መጨረሻ ሥፍራውን የመረመሩ ባለሙያዎች 2,600 ዓመት ዕድሜ ያለው የጡብ ንጣፍ በወታደራዊ ተሽከርካሪ መሰባበሩን፣ በአርኪዮሎጂ ንብርብር ውስጥ ቦዮች መቆፈራቸውን፣ የሸክላ ስብርባሪ ያለበት አፈርም ለምሽግ በጆንያ መሞላቱን አረጋግጠዋል። ጆንያው ውስጥ የገባው አፈር ከየት እንደተነሣ ስለማይታወቅ ለጥናት ያለው ዋጋ ጠፍቷል። ካምፑን የተከሉት ቅርሱን ከዝርፊያ እንጠብቃለን ብለው ቢሆን እንኳ አስቀድሞ ባለሙያ ቢማከር ኖሮ ድንኳኑና ቦዩ ከፍርስራሹ ውጭ ሊሆን ይችል ነበር።

6. በወታደራዊ ይዞታ ውስጥ ቅርስን የማስተዳደር ዋና ዋና ተግባራት

ከላይ ከተዘረዘሩት ሕጎችና ተሞክሮዎች በመነሣት መልካም የሚባለው አሠራር የሚከተሉትን ተግባራት ያካትታል።

ምዝገባ፦ በይዞታው ውስጥ ያለው ቅርስ በባለሙያ ተለይቶ መጠኑ፣ ዘመኑ፣ የሚገኝበት ሁኔታና ፎቶግራፉ በመዝገብ ይሰፍራል። መረጃው ምስጢራዊነት ካለው የመዝገቡ አያያዝ ለብቻው ይወሰናል እንጂ ምዝገባው አይቀርም።

ካርታና ወሰን፦ ቅርሱ በሥልጠና ካርታ ላይ ይመለከታል፤ በዙሪያውም የጥበቃ ቀጣና ይወሰናል። የክፍሉ አዛዥ ሲቀየር ዕውቀቱ ከሰውየው ጋር እንዳይሄድ ካርታው የርክክብ ሰነድ አካል መሆን ይገባዋል።

የሥልጠና ማስተካከያ፦ የተሽከርካሪ መንገድ፣ የምሽግ ቁፋሮና የተኩስ አቅጣጫ ከጥበቃ ቀጣናው እንዲርቅ ይደረጋል። ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር ማራቅ በቂ ነው።

መደበኛ እንክብካቤ፦ የጣሪያ ቆርቆሮን፣ አሸንዳንና የውኃ መውረጃ ቦይን በየዓመቱ ከክረምት በፊት መፈተሽ ከማንኛውም ትልቅ እድሳት ይልቅ ርካሽ ነው። በግድግዳ ላይ የሚበቅል ዛፍ ሥሩ ሳይጠነክር መነሣት ይኖርበታል።

ተስማሚ የጥገና ዕቃ፦ በኖራ ወይም በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ መለሰን የለበትም። ሲሚንቶ ከድንጋዩና ከኖራው ይልቅ ጠንካራና እርጥበት የማያሳልፍ ስለሆነ ውኃው በግንቡ ውስጥ ይታፈናል፤ በጊዜ ብዛትም ድንጋዩ ራሱ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጥገናው በነባሩ ዓይነት ዕቃና በባለሙያ፣ ከባለሥልጣኑ ፈቃድ በኋላ ይከናወናል።

ተገቢ አገልግሎት፦ ባዶ የተተወ ሕንፃ ቶሎ ይፈርሳል። ታሪካዊ ሕንፃ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለክፍሉ ሙዚየም ወይም ለቢሮ ሲውል ጠባቂ ያገኛል። የጥይት፣ የነዳጅና የፈንጂ መጋዘን ግን ሊሆን አይገባም።

የሠራዊት ግንዛቤ፦ ቅርስን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ጉድጓድ የሚቆፍረው ወታደር ነው። ያየውን ካላወቀ ያልፈዋል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2007 ለወታደሮች ስለ ቅርስ ጥበቃ መልእክት የታተመባቸው የመጫወቻ ካርታዎችን ማደሉ ትምህርቱ በቀላል መንገድም ሊደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ይዞታ ሲተላለፍ፦ ካምፕ ሲዘጋ ወይም መሬቱ ለሌላ አገልግሎት ሲሰጥ የቅርስ መዝገቡ አብሮ ይተላለፋል። ቅርስ ለከፋ አደጋ የሚጋለጠው ወታደሩ ወጥቶ አዲሱ ባለይዞታ ገና ባልገባበት መካከለኛ ጊዜ ነው።

7. ዜጎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል?

7.1 ቅርስ ድንገት ሲገኝ

በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ፣ በማዕድን ፍለጋ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው በአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 መሠረት የሚከተሉት ግዴታዎችና መብቶች አሉት።

1) ግኝቱን ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት።
2) ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ ቅርሱን እንዳለ መጠበቅ አለበት።
3) ባለሥልጣኑ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ሁኔታውን በዝርዝር የሚገልጽ ጽሑፍ ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በማቅረብ ከኃላፊነት ነጻ ሊሆን ይችላል።
4) ቅርሱን በማስረከቡ ተገቢ ሽልማት የማግኘት፣ ለጥበቃው ያወጣው ወጪ ካለም የመተካት መብት አለው።

ድንጋጌው «ማንኛውም ሰው» ስለሚል በካምፕ ውስጥ የሚሠራ ተቋራጭ፣ የቀን ሠራተኛና ወታደርም ይመለከተዋል። ግኝቱን ማጠብ፣ መገጣጠም፣ መሸጥ ወይም ለማስታወሻ ወደ ቤት መውሰድ አይገባም።

7.2 የአደጋ ማስጠንቀቂያ

በቀድሞ የጦር ሜዳዎችና በተኩስ ልምምድ ሥፍራዎች ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ዝገት የበላው የብረት ዕቃ ቅርስም ሊሆን ይችላል፣ ሕያው ፈንጂም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ያዩ ሰዎች ሳይነኩና ሳያንቀሳቅሱ፣ በመጡበት መንገድ ተመልሰው፣ ሥፍራውን ከሩቅ የሚታይ ምልክት በማድረግ ለአቅራቢያው ፖሊስ ወይም የጦር ክፍል እንዲያሳውቁ አጥብቀን እናሳስባለን። በተለይ ከብት ጠባቂ ሕፃናትን ማስተማር የወላጆችና የትምህርት ቤቶች ኃላፊነት ነው።

7.3 ለጉብኝት፣ ለጥናትና ለአምልኮ ፈቃድ መጠየቅ

ወደ ወታደራዊ ይዞታ ያለ ፈቃድ መግባትና ፎቶግራፍ ማንሣት አይቻልም። ቤተሰብ የተቀበረበትን መቃብር ለመጎብኘት፣ ዓመታዊ በዓል ለማክበር ወይም ጥናት ለማካሄድ የሚፈልጉ ዜጎች ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡ ይመረጣል። ማመልከቻው የሚከተሉትን ቢያካትት ጉዳዩን ለማየት ያመቻል፦

- የሥፍራው ስም፣ የሚገኝበት ወረዳና ቀበሌ፤
- የጥያቄው ምክንያት፤
- የሚገቡት ሰዎች ብዛትና ማንነት፤
- የተፈለገው ቀንና ሰዓት፤
- ሥፍራው ከአመልካቹ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያስረዳ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሃይማኖት ተቋም ወይም የአገር ሽማግሌዎች ደብዳቤ።

የአርኪዮሎጂ ቁፋሮና ጥናት ለሚያደርጉ ሰዎች የይዞታው አስተዳደር መልካም ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ከቅርስ ባለሥልጣኑ የሚሰጥ ፈቃድም ግዴታ ነው። በጥናቱ የሚገኘው ቅርስ የመንግሥት ንብረት ነው።

7.4 ጉዳት ሲደርስ ማመልከትና መረጃ መጠየቅ

ቅርስ ሊፈርስ መሆኑን ወይም መጎዳቱን የሚያውቅ ሰው ለወረዳው ወይም ለከተማው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ እንዲሁም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። የማመልከቻውን ቅጂና የተቀበለውን ሰው ፊርማ መያዝ ይጠቅማል።

የመረጃ ነጻነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዜጎች ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥያቄው የቀረበለት አካል በ30 ቀናት ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። የአገር መከላከያንና ደኅንነትን የሚመለከቱ መረጃዎች ሊከለከሉ እንደሚችሉ አዋጁ ይደነግጋል። ይሁንና የአንድ ካምፕ የጥበቃ አሰላለፍና በግቢው ያለ የአንድ መቃብር ሁኔታ አንድ ዓይነት መረጃ አይደሉም። አመልካቾች ጥያቄያቸውን በቅርሱ ላይ ብቻ ቢወስኑ መልስ የማግኘት ዕድላቸው ይሰፋል። በመንግሥት አካል አሠራር በደል ደርሶብኛል የሚል ዜጋ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው።

8. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ቅርሱ ያለበት መሬት ለጦር ካምፕ ከተሰጠ ቅርሱ የጦሩ ሆነ ማለት ነው?
መልስ፦ መሬቱን የመጠቀም መብት ቅርሱን እንደፈለጉ የማድረግ መብትን አያስከትልም። ቅርሱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መተዳደሩን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ የጦር ክፍሉ የቆየ ሕንፃ በራሱ የምሕንድስና ባለሙያ ማደስ ይችላልን?
መልስ፦ ሕንፃው ቅርስ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። የክፍሉ መሐንዲሶች በባለሥልጣኑ ባለሙያዎች መሪነት ቢሳተፉ ለጥበቃው አስተዋጽዖ ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ በአያቶቻችን መቃብር ላይ አጥር ታጥሯል። እንዲፈርስልን መጠየቅ እንችላለን?
መልስ፦ ማመልከት ይቻላል። ሆኖም አጥሩ ለጸጥታ የሚያስፈልግ ሊሆን ስለሚችል በተወሰኑ ቀናት መግቢያ እንዲፈቀድ፣ መቃብሩ እንዲመዘገብና እንዳይነካ መጠየቅ ውጤት ሊያስገኝ የሚችል አማራጭ ነው።

ጥያቄ፦ ቅርስ መኖሩን ብናሳውቅ ሥፍራው ለዘራፊ አይጋለጥምን?
መልስ፦ ሥጋቱ ተገቢ ነው። ስለሆነም ግኝትን በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴ ከማሰራጨት ይልቅ በቀጥታ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የአገር ዳር ድንበርና የአገር ቅርስ የሚጠበቁት ለአንድ ዓላማ ነው። ወታደሩ የሚጠብቀው ምድር በላዩ ያለፈውን ታሪክ ጭምር ነው። በአጥር ውስጥ ያለው ቅርስ እንዲተርፍ አዛዡ ካርታውን፣ ባለሙያው መዝገቡን፣ ዜጋው ደግሞ ጥቆማውንና ትዝታውን ማዋጣት ይጠበቅባቸዋል። በተለይ በዕድሜ የገፉ የአገር ሽማግሌዎች ስለ አካባቢያቸው የቆዩ መቃብሮች፣ ምሽጎችና ሕንፃዎች የሚያውቁትን ለወጣቶች እንዲነግሩና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት እንዲያስመዘግቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። አጥሩ ከመታጠሩ በፊት ሥፍራውን ያዩ ዓይኖች ዛሬም በመካከላችን አሉና፣ ምስክርነታቸው ሳይመዘገብ ሊያልፍ አይገባም።